ከኢስታንቡል እስከ ሳሎናችን፦ አንድ ድራማ ድንበር የሚሻገረው እንዴት ነው?

ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ በ2008 ዓ.ም. ዲሽ ላይ ብቅ ሲል አገሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ማታ ማታ ከቲቪው አልነሳ አለ። ሌላው «በቃ፣ ባህላችን አለቀለት» አለ። የጥበብ ሙያ ማኅበራትም ተቃውሟቸውን በይፋ አሰሙ። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። እናት ሪሞቱን ስታነሳ ልጅ «ደግሞ ቱርክ?» ባለ ቁጥር ይቀሰቀሳል።

ይህ ጭቅጭቅ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ሪያድ ተጨቃጭቀውበታል። ካቡል በ2008 (እንደ ፈረንጆቹ) መንግሥት የህንድ ድራማዎች ከአየር እንዲወርዱ እስከ ማዘዝ ደርሷል። ጉዳዩን ሥራዬ ብሎ የሚያጠና፣ «የዓለም ሲኒማ ጥናት» የሚባል የትምህርት ዘርፍም አለ፤ ፊልምንና ቴሌቪዥንን ከአንድ አገር አጥር አውጥቶ በዓለም ደረጃ የሚመረምር። ዘርፉ ምን እንደሚጠይቅ ለማየት የቱርክ ድራማን ጉዞ ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም ሲኒማ ጥናት የውጭ ፊልም ማየት ነው እንዴ?

አይደለም። «የዓለም ሲኒማ» ለረጅም ጊዜ የምዕራባውያን ፊልም መሸጫዎች ከሆሊውድ ውጭ ያለውን ሁሉ የሚያጭቁበት መደርደሪያ ስም ነበር። የኢራኑ፣ የሴኔጋሉ፣ የጃፓኑ አንድ ላይ። በዚህ ዓይን ሆሊውድ «ፊልም» ነው፤ የቀረነው «ሌሎች» ነን።

ይህን አመለካከት ከሞገቱት አንዱ የእኛ ሰው ናቸው። ተሾመ ገብርኤል ኢትዮጵያ ተወልደው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። በ1982 ያወጡት መጽሐፍ ስለ «ሦስተኛው ሲኒማ» ነው። ስያሜውን ያመጡት በ1969 ሁለት የአርጀንቲና ፊልም ሠሪዎች ናቸው። አንደኛው የሆሊውድ ነው። ሁለተኛው ፊልምን እንደ ደራሲ በራሳቸው አሻራ የሚሠሩ የአውሮፓ ዳይሬክተሮች ነው። ሦስተኛው ከቅኝ አገዛዝና ከጭቆና ጋር የሚታገሉ ሕዝቦች ፊልም ነው። ተሾመ እነዚህ ፊልሞች በሆሊውድ ሚዛን ሳይሆን ከወጡበት ሕዝብ ታሪክና ትግል ተነስተው መታየት አለባቸው ብለው ተከራከሩ። በ2010 አረፉ። በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የፊልም ተማሪ ስማቸውን ሳያነብ አያልፍም፤ እኛ ዘንድ ግን ከሞያው ሰዎች ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

የዛሬው ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሯል። ፊልሙን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ይከተላል። ገንዘቡን ማን አወጣ? ለማን ተሸጠ? ማን ቆራረጠው? ማን ድምፅ ሰጠው? ማን፣ የት ተቀምጦ አየው? «የየት አገር ነው?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ትንሹን የሚነግረን ነው።

የሌላ አገር ድራማ ከራስ ሥራ የሚረክሰው ለምንድን ነው?

ዳቦ ጋጋሪ ሁለተኛ ዳቦ ለመሥራት ሌላ ዱቄት ያስፈልገዋል። ድራማ እንዲህ አይደለም። ወጪው ሁሉ የሚያልቀው የመጀመሪያዋ ቅጂ ላይ ነው። ተዋናዩ፣ ካሜራው፣ የቤት ኪራዩ፣ መብራቱ እዚያው ተከፍሎ ያልቃል። ሁለተኛዋ ቅጂ ፋይል መላክ ብቻ ናት።

ስለዚህ አንድ የቱርክ ኩባንያ ወጪውን በአገሩ ማስታወቂያ ከሸፈነ በኋላ ከውጭ የሚያገኘው ሁሉ ትርፍ ነው። ዋጋውም የሚወሰነው ሥራው በፈጀው ሳይሆን ገዢው አገር በሚችለው ነው። ያው ክፍል ለሀብታም ገበያ በውድ፣ ለድሃ ገበያ በርካሽ ይሸጣል። የአዲስ አበባ ጣቢያ የማሰራጫ መብቱን ገዝቶ፣ የትርጉምና የድምፅ ወጪ ጨምሮ እንኳ፣ በዚያ ጥራት አንድ ሰዓት ድራማ ከባዶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ አጠገብ አይደርስም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተመልካቹ ምርጫ ሚና አለው፤ ግን ሒሳቡ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ለምን ቱርክ?

ቱርክ ውስጥ ቴሌቪዥን እስከ 1990 ድረስ የመንግሥት ብቻ ነበር። ከዚያ የግል ጣቢያዎች መጡ፣ ፉክክሩ ጦፈ። በየዓመቱ በርካታ ድራማ ይጀመራል፤ ብዙው በአጭሩ ይቀራል። ተመልካች ካጣ ታሪኩ መሃል ላይም ቢሆን ይቋረጣል። ፍቅረኞቹ ተጋቡ አልተጋቡ ማንም ግድ የለው። የሚተርፈው ተፈትኖ ያለፈ ነው። ውጭ ያለ ገዢ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሌላው ነገር ርዝመቱ ነው። በአገሩ የቱርክ ድራማ በሳምንት አንዴ ይታያል፤ አንዱ ክፍል ግን ከ2 ሰዓት ያልፋል። ጣቢያዎቹ አንድ ድራማ ሙሉ ምሽቱን እንዲይዝላቸው ይፈልጋሉ፤ በየመሃሉ ማስታወቂያ ይገባል። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ፊልም መቅረጽ ማለት ነው። ሠራተኛው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት በ2010 መጨረሻ ኢስታንቡል ውስጥ ተዋንያን፣ ጸሐፊዎችና የቀረጻ ሠራተኞች አደባባይ ወጥተው ተቃውመዋል።

ይህ ርዝመት ለውጭ ገበያ ሲሳይ ሆነ። ከ2 ሰዓት በላይ የሆነው ክፍል እንደየአገሩ በ45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣል። በአገሩ 35 ክፍል የነበረው አንድ ሲዝን ውጭ ሲወጣ 100 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ማሳየት ይቻላል። ድራማው የሆነ ቦታ ላይ በድንገት ቁርጥ ብሎ «ይቀጥላል» ሲል ተናድዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ጸሐፊው እዚያ እንዲቆም አላሰበም። መቀስ የያዘው ሌላ ሰው ነው።

ትልቁ በር የተከፈተው በ2008 ነው። ኤምቢሲ የተባለው የሳዑዲዎች የሳተላይት ጣቢያ «ጉሙሽ» የተባለ፣ በአገሩ ይህን ያህል ያልተጮኸለት ድራማ ገዝቶ «ኑር» ብሎ ለቀቀው። ዋናው ገጸ ባሕሪ መህመት፣ ሙሐነድ ሆነ። የመጨረሻውን ክፍል በዐረቡ ዓለም 85 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ጣቢያው ገለጸ። ቀረጻው የተካሄደበት የቦስፎረስ ዳር መኖሪያ የዐረብ ጎብኚ መዳረሻ ሆነ። የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ ደግሞ ድራማዎቹን አወገዙ። በዚያን ጊዜ በባሕረ ሰላጤው አገራት በቤት ሠራተኝነት የነበሩ ብዙ እህቶቻችን ሙሐነድን ከእኛ ቀድመው ሳያውቁት አይቀሩም።

ለምን ያን ያህል ተወደደ? አንዱ ምክንያት ታሪኩ ነው። አያት ቤቱን ያስተዳድራሉ፣ ሦስት ትውልድ አንድ ግቢ ይኖራል፣ ጋብቻው በቤተሰብ ውሳኔ ይጀመራል። ይሄ ሁሉ ለዐረብ ተመልካች የራሱ ቤት ነው። ባልየው ግን ሚስቱን በሥራዋ የሚደግፍ፣ ፍቅሩን የማይደብቅ ሰው ነው። ይህኛው ደግሞ አዲስ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጣል፤ ድምፁ ነው። ቀደም ሲል የሜክሲኮ ድራማዎች ወደ ዐረብኛ ሲመለሱ የሚነገሩት በመደበኛው የጽሕፈት ዐረብኛ ነበር። ፍቅረኞች ሲጣሉ ዜና የሚያነቡ ይመስል ነበር ማለት ነው። «ኑር» ግን በሶርያ የአነጋገር ዘዬ፣ በሶርያ ተዋንያን ድምፅ ተሠራ። የሶርያ ድራማ ቀድሞም በዐረቡ ዓለም ይወደድ ስለነበር ጆሮ ለምዶታል። ቱርኮቹ በአንድ ጊዜ የጎረቤት ሰው መሰሉ።

ምሁራን ለዚህ ነገር «የባህል ቅርበት» የሚል ስም አላቸው። ጆሴፍ ስትራውባር በ1991 እንዳስቀመጡት፣ ሰው ከቻለ የራሱን አገር ሥራ ይመርጣል፤ ካጣ የሚቀርበውን። ግን ይህ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። በ2014 ሜጋ የተባለው የቺሊ ጣቢያ የቱርክ ድራማ ሲያሳይ ከፍተኛ ተመልካች አገኘ፤ ከዚያም በላቲን አሜሪካ ተዛመተ። ቺሊ ከቱርክ ጋር በሃይማኖትም በቋንቋም አትገናኝም። የሚያገናኛቸው የቤተሰብ ክብር፣ የሀብታምና የድሃ ፍቅር፣ አማት፣ ውርስ፣ ምስጢር ነው። ላቲን አሜሪካ ራሷ ለአሥርት ዓመታት ለዓለም ስትሸጠው የኖረችው ዕቃ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያስቀው።

ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

ሻጩ ድምፁን ለሁለት ከፍሎ ይልካል። ንግግሩ ለብቻ፣ ሙዚቃውና የበር፣ የእግር፣ የመኪና ድምፁ ለብቻ። የቱርክኛው ንግግር ይወጣና አማርኛው ይገባል። ተርጓሚው ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም ይለካል። ተዋናይዋ አፏን ገጥማ አማርኛው ከቀጠለ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። «ም» እና «ብ» ከንፈር ስለሚያስገጥሙ ቢቻል ቦታቸው ላይ እንዲውሉ ይደረጋል። ድምፅ ተዋናዩ ማዳመጫ አድርጎ፣ ምስሉን እያየ፣ መስመር በመስመር ይናገራል። እየደጋገመ። ማልቀሱንም፣ መተንፈሱንም።

ቱርክኛና አማርኛ ግስን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርጉ ሥራው በአንድ በኩል ይቀላል። በሌላ በኩል ቱርክኛ እሱንና እሷን አይለይም። አንዷ ስልክ አንስታ የሆነ ሰው መምጣቱን ብትጠይቅ፣ የኢስታንቡል ተመልካች የሚመጣው ወንድ ይሁን ሴት ላያውቅ ይችላል። ደራሲው ምስጢሩን እዚያ ላይ ሊደብቅ ይችላል። አማርኛ ግን አያስደብቅም፤ ወይ መጣ ወይ መጣች ነው። ተርጓሚው «ሰው አለ እንዴ?» እያለ ማምለጫ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሥራ «ኮፒ ነው» ብሎ ማጣጣል አይገባም። ለብዙ ወጣት የቲያትር ሰው ደግሞ ቋሚ እንጀራ ሆኗል።

ባህል አያጠፋም ወይ?

ይህ ጥያቄ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1969 አሜሪካዊው ኸርበርት ሺለር የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን የአገሪቱን ኃያልነት የሚያስፋፋ መሣሪያ እንደሆነ ጻፉ። በ1974 ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች ለዩኔስኮ ባጠኑት ሪፖርት የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚፈሰው ከጥቂት ሻጭ አገሮች ወደ ብዙኃኑ መሆኑን አሳዩ። ፍሰቱ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ የሚበዛውም መዝናኛ ነው። «የባህል ኢምፔሪያሊዝም» የሚባለው ሐሳብ እንዲህ ተስፋፋ። በአጭሩ፦ ፕሮግራሙን የሚልክ አስተሳሰቡንም ይልካል፤ ተመልካቹ ይቀዳል።

እውነት ይቀዳል? ሁለት ተመራማሪዎች፣ ታማር ሊበስና ኤሊሁ ካትስ፣ ይህን ለመፈተሽ ሰዎች ሳሎን ገቡ። የመረጡት በጊዜው ዓለምን ያጥለቀለቀውን «ዳላስ» የተባለ የአሜሪካ ድራማ ነው፤ የቴክሳስ የነዳጅ ከበርቴ ቤተሰብ ታሪክ። እስራኤል ውስጥ ዐረቦችን፣ ከሞሮኮ የመጡ አይሁዶችን፣ ከሩሲያ አዲስ የገቡትንና የኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ነዋሪዎችን መረጡ። ጥንዶች ወዳጆቻቸውን ጠርተው ቤታቸው አንድ ክፍል አብረው ያያሉ። ከዚያ «እስቲ ያያችሁትን ንገሩን» ይባላሉ።

ያው ክፍል፣ የተለያየ ድራማ ሆኖ ወጣ። ዐረቦቹና ሞሮካውያኑ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ ተረኩት፤ ማን የማን ልጅ፣ ማን ማንን በደለ። ኪቡትሶቹ የገጸ ባሕርያቱን ሥነ ልቦና መተንተን ያዙ። ሩሲያውያኑ ከታሪኩ ይልቅ «ይህን የሠሩት ሰዎች ምን ሊያሳምኑን ፈልገው ነው?» አሉ። በፕሮፓጋንዳ መሃል ያደገ ሰው እንዲህ ነው።

ከሁሉ የማይረሳው ግን ይሄ ነው። በድራማው ሱ ኤለን የተባለችው ሚስት ሕፃኗን ይዛ ከባሏ ትኮበልላለች። የሄደችው ፍቅረኛዋ ከአባቱ ጋር ወደሚኖርበት ቤት ነው። አንድ የዐረቦች ቡድን ግን የሄደችው ወደ ራሷ አባት ቤት ነው ብሎ ተከራከረ። ምስሉ ሌላ እያሳየ። የተጣላች ሚስት ልጇን ይዛ ወዴት ትሄዳለች? አባቷ ቤት ነዋ! ቴክሳስ የጻፈውን ሳሎኑ አረመው ማለት ነው። በጃፓን ደግሞ «ዳላስ» ጭራሽ አልተሳካም፤ ተመልካች አጥቶ ቀረ።

ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች «እንግዲያው ምንም ተጽዕኖ የለውም» ይላሉ። ይሄ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጽንፍ መዝለል ነው። ጥናቱ ያሳየው ሰው ባዶ ዕቃ አለመሆኑን ነው። የፀጉር አሠራር፣ የሶፋ ምርጫ፣ የልጆች ስም፣ ጉብኝት የሚኬድበት ከተማ ግን ይለወጣል። የቱርክ ቱሪዝም ይህን ያውቃል።

ታዲያ የአገር ውስጥ ባለሙያው ስጋት መሠረት የለውም?

አለው። ግን ስጋቱ ስለ ባህል ይወራ እንጂ ሥሩ ገንዘብ ነው። የማስታወቂያ ብሩ ውስን ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያለው ተመልካችም ያው ነው። ርካሹና ያማረው ድራማ ያንን ሰዓት ከያዘ፣ የአገር ውስጡ የሚማርበትና የሚሻሻልበት ቦታ ያጣል።

አገሮች ለዚህ የተለያየ መላ ዘይደዋል። ፈረንሳይ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ከ10 በመቶ በላይ እየቆረጠች ለፊልም ማዕከሏ ገቢ ታደርጋለች። ይህ ማለት ፓሪስ ላይ የሆሊውድ ፊልም በተሸጠ ቁጥር ለፈረንሳይ ፊልም ገንዘብ ይገባል። ደቡብ ኮሪያ ሲኒማ ቤቶቿ በዓመት ቢያንስ 146 ቀን የአገር ፊልም እንዲያሳዩ ታስገድድ ነበር። በ2006 ከአሜሪካ ጋር ለነፃ ንግድ ስትደራደር ወደ 73 አወረደችው፤ ታዋቂ ተዋንያን ሳይቀሩ ሰልፍ ወጡ። ያም ሆኖ የኮሪያ ፊልም አልሞተም። አድጎ በ2020 ኦስካር ላይ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ሽልማት ወሰደ፤ በውጭ ቋንቋ ለተሠራ ፊልም የመጀመሪያው ነበር። ኮታው አሳደገው ወይስ ውድድሩ? ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል።

የእኛስ ሥራ ይወጣል?

ይወጣል፣ ግን በሌላ በር። የፌስቲቫል በር ይባላል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ፣ በአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ትልቁን ሽልማት አገኘ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ሁለቱም በዋናነት በአማርኛ ናቸው፤ ከጀርባቸው ግን የአውሮፓ ገንዘብ አለ። የፌስቲቫል ፊልም ክብር ያመጣል፣ ብዙ ተመልካች ግን አያመጣም። አገር ቤት ያለው ሰው ስሙን በዜና ሰምቶ ፊልሙን ሳያይ ይቀራል።

ዘረሰናይ ብርሃኔን ውሰዱ። «ድፍረት» የተባለው ፊልሙ በ2014 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቃናን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በቃና ውስጥ አብሮ የገባው ሞቢ ግሩፕ ደግሞ አፍጋኒስታን ውስጥ የውጭ ድራማዎችን በአገሩ ቋንቋ በዳሪ እያሳየ የታወቀው ኩባንያ ነው፤ ካቡል ላይ ያ ሁሉ ውዝግብ የተነሳው በእሱም ጣቢያ ምክንያት ነው። በፌስቲቫል በር የወጣውና በትርጉም ድራማ በር የገባው አንድ ሰው ነው። «የአገር ልጅ» እና «የባህል ወራሪ» እያሉ ሰው መመደብ እዚህ ላይ ይከሽፋል።

ሦስተኛው በር ዩቲዩብ ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው የአዲስ አበባን ተከታታይ ድራማ በማግስቱ ያያል። ፌስቲቫል አልመረጠውም፣ ጣቢያ አልገዛውም። ጥናቱ ይህንን መንገድ ገና እየደረሰበት ነው።

አሁንስ መንገዱን የያዘው ማን ነው?

ፖለቲካ አንዱ ነው። በ2018 በሳዑዲና በቱርክ መካከል ነገር ሲካረር ኤምቢሲ የቱርክ ድራማዎቹን በአንድ ጊዜ ከአየር አወረደ። ተመልካቹ አልጠላቸውም፤ መንግሥታቱ ተኳረፉ እንጂ። ግንኙነቱ ሲለዝብ ድራማዎቹም ተመለሱ።

ሁለተኛው በክፍያ ኢንተርኔት ላይ የሚያሰራጩት ኩባንያዎች ናቸው። በ2021 «ስኩዊድ ጌም» በኮሪያኛ ተሠርቶ ዓለምን አዳረሰ። ዳይሬክተሩ፣ ተዋንያኑ፣ የልጆቹ ጨዋታ ሳይቀር ኮሪያዊ ነው። ገንዘቡን ያወጣውም መብቱን የያዘውም ግን ኔትፍሊክስ ነው። ድራማው በዓለም ዙሪያ ሲታይ የሚመጣው ገቢ እንደ ቱርኮቹ ለሠራው አገር ኩባንያ እየተመላለሰ አይገባም፤ ስምምነቱ ሲፈረም አልቋል። የኮሪያ ዳይሬክተሮች ማኅበር ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በታየ ቁጥር የሚከፈላቸው ገንዘብ በሕግ እንዲወሰን እየወተወተ ነው።